«ጄኔቫ ወሰነች» ስትሉን ማን ወሰነ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከጎንደር ነው፣ ፒያሳ አካባቢ ካለች አንዲት ጠባብ ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ሆኜ። ጋዜጣችሁ እኛ ዘንድ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። ግን አንዷ ቅጂ ለስንት ሰው እንደምትዳረስ ብታዩ ደስ ይላችሁ ነበር። መጀመሪያ እኔ አነባታለሁ፣ ቀጥሎ ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ይወስዳታል፣ ከዚያ ቡና የምታፈላልን እታለም ጋ ትቀመጥና የመጣው ሁሉ ሲያገላብጣት ትውላለች።

ሰሞኑን እዚያው ቡና ላይ ጄኔቫ ስላለው የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ምክር ቤት ክርክር ተነሣ። አንድ የማከብራቸው ሽማግሌ «ጄኔቫ ያሉት ፈረንጆች ናቸው የፈረዱብን» አሉ። አንድ ተማሪ ደግሞ «የለም አባባ፣ ዋናው ነገር ፕሬዚዳንቱ ነው፤ አፍሪካዊ ሲሆን ያልፉናል፣ ፈረንጅ ሲሆን ይይዙናል» አለ። ሁለቱም ተሳስተዋል። ግን አልፈርድባቸውም፤ ዜናው ሲጻፍ «ጄኔቫ እንዲህ አለች»፣ «ምክር ቤቱ እንዲህ ወሰነ» ተብሎ ነው የሚጻፈው። ማን ደገፈ፣ ማን ተቃወመ፣ ማን ዝም አለ የሚለው የለበትም። እኔ የሠፈራችን ዕድር ጸሐፊ ስለሆንሁ ቃለ ጉባኤ የመያዝ ልማድ አለኝ። ድምፁ ያልተቆጠረ ውሳኔ ያሳስበኛል። ስለዚህ ነው የምጽፍላችሁ፣ ትንሽ ከረዘመብኝም ይቅርታ።

መጀመሪያ ስሙን እንለይ፣ ሰው የሚምታታው ከስሙ ነውና። የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ምክር ቤት አለ፤ የምጽፈው ስለሱ ነው። የከፍተኛ ኮሚሽነሩ ጽሕፈት ቤት ሌላ ነው፤ እሱ ባለሙያና ሠራተኛ የያዘ መሥሪያ ቤት ነው፣ በ2014 ዓ.ም ከኛው የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን (ኢሰመኮ) ጋር ሆኖ የጋራ ምርመራ ሪፖርት ያወጣው እሱ ነው። ባንጁል ጋምቢያ ያለው የአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን ደግሞ ሦስተኛ ነው፤ እዚያ 11 ሰዎች ይቀመጣሉ፣ የሚቀመጡትም በግላቸው እንጂ አገራቸውን ወክለው አይደለም። የጄኔቫው ምክር ቤት ላይ ግን የሚቀመጠው ሰው አይደለም። መንግሥት ነው። 47 መንግሥታት።

ይሄንን መጀመሪያ ያወቅሁ ቀን ደንግጫለሁ። እኔም እንደ ሽማግሌው የዳኞች ችሎት ይመስለኝ ነበር፣ ካባ የለበሱ ሰዎች ፋይል አገላብጠው የሚፈርዱበት። አምባሳደሮች ናቸው። ዋና ከተማቸው የሚነግራቸውን ይዘው ገብተው ቁልፍ ይጫናሉ፣ ሰሌዳው ላይ የየአገሩ ስም ከነድምፁ ይወጣል።

ወንበሮቹ በአምስት ክልል ተከፍለዋል። አፍሪካ 13፣ እስያና ፓስፊክ 13፣ ላቲን አሜሪካና ካሪቢያን 8፣ ምዕራብ አውሮፓና ከነሱ ጋር የሚቆጠሩት 7፣ ምሥራቅ አውሮፓ 6። እስኪ አፍሪካንና እስያን ደምሩ። 26 ይሆናል። ከ47 ውስጥ 26 ማለት ከግማሽ በላይ ነው። እነዚህ ሁለቱ ክልሎች ቢስማሙ አንድም ውሳኔ ያለነሱ ፈቃድ አያልፍም። ለሽማግሌው ይሄንን በወረቀት ጽፌ ሳሳያቸው ዝም ብለው አዩትና «ታዲያ የኛዎቹ ምን ይሠራሉ?» አሉኝ። ትክክለኛው ጥያቄ እሱ ነው።

ምክር ቤቱ የተቋቋመው መጋቢት 6 ቀን 1998 ዓ.ም ነው (ቀኖቹን በኛ አቆጣጠር አድርጌያለሁ፣ የፕሬዚዳንቶቹንና የአባልነቱን ዘመን ግን እነሱ በሚቆጥሩበት እ.ኤ.አ. ትቼዋለሁ)። በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ 170 አገሮች ደገፉት፣ 4 ተቃወሙ፣ 3 ድምፅ ተዓቀቡ። ከሱ በፊት 53 አባላት ያሉት ኮሚሽን ነበር፣ ከ1946 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሠራ። ለምን ፈረሰ ብትሉ ስሙ ስለጠፋ ነው። ራሳቸው በደል የሚፈጽሙ መንግሥታት እየገቡ እርስ በርስ ይሸፋፈኑበታል ተባለ። በተለይ በ2003 እ.ኤ.አ. ተራው የአፍሪካ ሆነና የአፍሪካ ቡድን ሊቢያን ለሰብሳቢነት አቀረበ። ያኔ ጋዳፊ ነበሩ። ወንበሩ በተራ የሚዞር ስለሆነ ብዙ ጊዜ ድምፅ እንኳ አይሰጥበትም ነበር፣ ያን ጊዜ ግን አሜሪካ ድምፅ ይሰጥ አለች። 33 ደገፉ፣ 3 ተቃወሙ፣ 17 ተዓቀቡ። ሊቢያ ሰብሳቢ ሆነች። እኔን የሚገርመኝ ሦስቱም ሠላሳ ሦስቱም አይደሉም፣ አሥራ ሰባቱ ናቸው። ነገሩ ልክ አይደለም ብለው ያመኑ ግን አፍ አውጥተው መናገር ያልፈለጉ አሥራ ሰባት መንግሥታት።

አሁን ስለ ዕድራችን ልንገራችሁ፣ ነገሩ የሚገባኝ በሱ በኩል ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ምርጫ አደረግን። ዳኛ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ፣ ሦስት ቦታ። ምርጫው ቀን ሦስት ስም ተነበበ። ለሦስት ቦታ ሦስት ስም። «ይጽደቅ?» ተባለ፣ «ይጽደቅ!» አልን፣ አጨበጨብን፣ ንፍሮ በልተን ተበተንን። ማንም ማንንም አልመረጠም እኮ። ግን ሁላችንም እንደመረጥን ተቆጠረ። ቆይቶ አንዲት እናት ሲያርፉ ለድንኳንና ለቀብር የሚወጣው ገንዘብ ጎደለ። መዝገቡ ይከፈት ስንል የተሰጠን መልስ «እናንተው ናችሁ የመረጣችሁን» የሚል ነበር። ያ መልስ እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል። እውነትም ነበረበት። ከዚያ ወዲህ ነው መተዳደሪያ ደንቡን የቀየርነው፤ ለአንድ ቦታ ቢያንስ ሁለት ሰው ካልቀረበ ምርጫ አይደረግም፣ ሁለት ዙር ያገለገለ ይወርዳል። እኔም ጸሐፊነቱን የተረከብሁት በዚያ ጊዜ ነው።

እና የጄኔቫውን ደንብ ሳነብ ግማሹ ከኛ ደንብ ጋር ይገጥማል። አባልነቱ ሦስት ዓመት ነው፣ ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ያገለገለ አገር ወዲያው ሦስተኛ መግባት አይችልም፣ እረፍት ይወስዳል። መራጩ ኒው ዮርክ ያለው ጠቅላላ ጉባኤ ነው፣ 193ቱም አገሮች በሚስጥር ድምፅ ይሰጣሉ፣ ለመግባት ቢያንስ 97 ድምፅ ያስፈልጋል። የተመረጠ አገር ከባድ በደል ከፈጸመ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሊታገድ ይችላል፤ ሊቢያ በ2011፣ ሩሲያ በ2022 እ.ኤ.አ. ታግደዋል። ወረቀቱ ላይ ያለው ይሄ ነው፣ ጥሩ ነው።

የጎደለው ሁለት ስም ለአንድ ቦታ የሚለው ነው። ብዙ ጊዜ የክልሉ ቡድን አስቀድሞ እርስ በርሱ ይስማማና ባዶ በሆነው ወንበር ልክ ስም ያቀርባል። ለአምስት ወንበር አምስት አገር። መስከረም 29 ቀን 2017 ዓ.ም ኢትዮጵያ የተመረጠችው እንዲሁ ነው። ከአፍሪካ አምስት ቦታ ነበር፣ ቤኒን፣ ዲሞክራቲክ ኮንጎ፣ ኢትዮጵያ፣ ጋምቢያና ኬንያ ቀረቡ፣ አምስቱም ገቡ። ድምፁ ተሰጥቷል፣ በሚስጥር ነው፣ 97ቱንም ማለፍ ነበረባቸው፣ ይሄን አልክድም። ግን የሚወድቅ ሰው የሌለበት ፈተና ነበር። በዚያው ቀን ከእስያ በኩል ለአምስት ቦታ ስድስት አገር ቀረበና ሳዑዲ ዓረቢያ ወደቀች። ገንዘቧ አላዳናትም። ስድስተኛ ስም ስለነበረ ብቻ። ቀድሞ በ2016 እ.ኤ.አ. ሩሲያም ከምሥራቅ አውሮፓ በኩል ለሁለት ቦታ ሦስት አገሮች ሲወዳደሩ በ112 ድምፅ ቀርታለች፣ ክሮኤሽያ በ114 አልፋባታለች። ሁለት ድምፅ! ፉክክር ካለ ትልቅ አገርም ይወድቃል።

አገሬ በመመረጧ አልከፋኝም። ወንበር ማግኘት ጥሩ ነው። ከ2025 እስከ 2027 እ.ኤ.አ. ድረስ በየስብሰባው ድምፅ አላት። የሚከፋኝ «ዓለም አመነብን» ተብሎ ሲነገረኝ ነው። ለሦስት ቦታ ሦስት ስም አንብቦ ያስጨበጨበ ሰው ዕድሩ አመነብኝ ማለት አይችልም፣ እኛ ሠፈር ይሄን በዋጋ ተምረነዋል።

ወደ ተማሪው ልመለስ፣ ወደ ፕሬዚዳንቱ ነገር። ፕሬዚዳንትነቱ የአንድ ዓመት ነው፣ ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር በነሱ አቆጣጠር። በአምስቱ ክልሎች ይዞራል። ለአፍሪካ የደረሰውን ተከታተሉ፦ በ2014 የጋቦን ሰው፣ በ2019 የሴኔጋል፣ በ2024 የሞሮኮ። አምስት አምስት ዓመት ነው። ቀጣዩ የአፍሪካ ተራ 2029 ይሆናል፤ ኢትዮጵያ ያን ጊዜ የአሁኑ ዘመኗ አልቋል። ስለዚህ በዚህ ዙር ወንበሩ ላይ ኢትዮጵያዊ እናያለን ብሎ የሚጠብቅ ካለ አይጠብቅ።

አብዛኛውን ጊዜ ክልሉ በአንድ ሰው ይስማማና ምክር ቤቱ ያጸድቃል። ሳይስማሙ ሲቀሩ ደግሞ በሚስጥር ድምፅ ይሰጣል። በጃንዋሪ 2021 የፊጂዋ አምባሳደር ናዝሃት ሻሚም ካን 29 ድምፅ አግኝተው ባሕሬንን (14) እና ኡዝቤኪስታንን (4) አሸነፉ። በጃንዋሪ 2024 የሞሮኮው ኦማር ዝኒበር ደቡብ አፍሪካን 30 ለ17 አሸነፉ፤ የአፍሪካ ቡድን በአንድ ስም መስማማት አቅቶት ነው። እኔ እንዲያውም እንደዚህ ሲጣሉ ደስ ይለኛል። ያኔ ቢያንስ ሰው ይመረጣል።

ፕሬዚዳንቱ ምን ሥልጣን አለው? እንደ ዕድር ዳኛ ነው። ስብሰባ ይመራል፣ ተራ ይሰጣል፣ ከአራት ምክትሎች ጋር ሆኖ አጀንዳውን ያሰናዳል። ብቻውን የሚያጸድቀው ወይም የሚሽረው ውሳኔ የለም። አንድ ቁም ነገር ግን በእጁ አለ፣ መርማሪ ቡድን ሲቋቋም አባላቱን የሚሰይመው እሱ ነው። ለኢትዮጵያ የተቋቋመው የባለሙያዎች ኮሚሽን ላይ ጋምቢያዊቷን ፋቱ ቤንሱዳን፣ ኬንያዊቷን ካሪ ቤቲ ሙሩንጊንና አሜሪካዊውን ስቲቨን ራትነርን የሾሙት በ2022 ፕሬዚዳንት የነበሩት አርጀንቲናዊው ፌዴሪኮ ቪዬጋስ ናቸው። እንግዲህ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚባለው ለዚያ ወንበር ብዙም አይሠራም፤ የሚበላ የለበትም፣ ዓመቱም ቶሎ ያልቃል። መዞሩ ጥሩ ነው እላለሁ። አንድ ክልል ይዞት አይቀርም። ግን ተማሪው እንዳሰበው የኛ ዕጣ በሰብሳቢው ዜግነት አይወሰንም።

ታዲያ በምን ይወሰናል? ይሄን ክፍል በደንብ አንብቡልኝ፣ ደብዳቤውን የጻፍሁት ለዚህ ነው።

የምክር ቤቱ ውሳኔ የሚያልፈው ድምፅ ከሰጡት መካከል በአብላጫው ነው። የተዓቀበ አይቆጠርም። ታኅሣሥ 8 ቀን 2014 ዓ.ም በኢትዮጵያ ጉዳይ ልዩ ስብሰባ ተጠራ። ልዩ ስብሰባ ለመጥራት ከ47ቱ አንድ ሦስተኛው፣ ማለትም 16 አባላት ይበቃሉ፤ ጠሪው የአውሮፓ ኅብረት ነበር። ከጥቅምት 2013 መጨረሻ ጀምሮ በሁሉም ወገን የተፈጸመውን በደል የሚያጣራ ኮሚሽን ይቋቋም የሚለው ረቂቅ ቀረበ። 21 ደገፉ፣ 15 ተቃወሙ፣ 11 ተዓቀቡ። አለፈ። ሃያ አንድ ከአርባ ሰባት ግማሽ አይሞላም። አሥራ አንዱ የተዓቀቡት ቢቃወሙ ኖሮ 26 ለ21 ሆኖ ይወድቅ ነበር። እንግዲህ ያን ኮሚሽን የፈጠሩት የደገፉት 21 ብቻ አይደሉም፣ ዝም ያሉት 11ም ናቸው። ኢትዮጵያ ያኔ አባል አልነበረችም፣ ንግግር አደረገች እንጂ ድምፅ አልነበራትም። ኤርትራ ግን አባል ነበረች። በትግራዩ ጦርነት ውስጥ ሠራዊቷ ያለባት አገር ስለዚያው ጦርነት ድምፅ መስጠት ትችል ነበር፣ «ጉዳዩ ይመለከትሃልና ውጣ» የሚል ደንብ የለም። በኛ ዕድር እንኳ የራሱ ክስ ሲታይ ሰውየው ከቤት ይወጣል።

በዓመቱ መስከረም 27 ቀን 2015 ዓ.ም የኮሚሽኑ ዕድሜ ይራዘም ተባለ። 21 ለ19፣ ሰባት ተዓቀቡ። በሁለት ድምፅ ተራዘመ።

ከዚያ የ2015 ማብቂያ መጣ። እዚህ ላይ እጄ ይከብደኛል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም በአማራ ክልል ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ጎንደር ውስጥ የነበርን ሰዎች ያን ነሐሴ አንረሳውም። ሱቄን ዘግቼ ልጆቼን ይዤ መሬት ላይ የተኛሁባቸው ሌሊቶች አሉ። ሞባይል ኢንተርኔት ጠፋ፣ ለወራት። መብራት ሲኖር ፎቶ ኮፒ የሚያስነሣ ሰው የለም፤ ሰው ሲመጣ የሚያስነሣው የጠፋ ሰው ፎቶ ነው፣ «ከዚህ ቀን ጀምሮ የት እንደገባ አላወቅንም» የሚል ጽሑፍ ከሥሩ ያለበት። ስንቱን በነፃ እንዳባዛሁ እኔ ነኝ የማውቀው። እና ያን ጊዜ ትንሽ የምናነበው ሰዎች እርስ በርስ «ቢያንስ ጄኔቫ ያቋቋመችው መርማሪ ኮሚሽን አለ፣ ይመዘግበዋል» እንባባል ነበር።

ጥቅምት 2016 ሲገባ ያ ኮሚሽን አበቃ። አልተሻረም። ድምፅ ተሰጥቶበት አልወደቀም። ይራዘም የሚል ረቂቅ ያቀረበ አንድም አገር አልነበረም፣ በቃ። ቀድሞ አስቋሚዎቹ አውሮፓውያንም አላቀረቡም። ረቂቅ ከሌለ ድምፅ የለም፣ ድምፅ ከሌለ ቃለ ጉባኤ የለም፣ ቃለ ጉባኤ ከሌለ የሚጠየቅ የለም። ሰሌዳው ላይ የማንም ስም አልወጣም። በጄኔቫ ስለኛ ከተወሰኑት ሁሉ ትልቁ ውሳኔ ይሄ ይመስለኛል፣ ማንም ደግሞ አልወሰነውም።

መንግሥት ኮሚሽኑን አይፈልገውም ነበር፤ የራሴን የሽግግር ፍትሕ አቋቁማለሁ ይል ነበር፤ ይሄን የሚደግፉ ሰዎች እዚህም አሉ፣ ክርክራቸውን አከብራለሁ። ኮሚሽኑ ወገንተኛ ነው የሚሉም ነበሩ። ይሁን። ይቁም የሚል ካለ እጁን አውጥቶ ይቁም ይበል፣ እኛም ስሙን እናንብብ። ድምፅ አሰጣጡን በዝምታ መዝለል ግን «ይጽደቅ» ብሎ ከማጨብጨብም የባሰ ነው። ማጨብጨቡ ቢያንስ ይሰማል።

አሁን ወደ ልመናዬ። ኢትዮጵያ እስከ 2027 መጨረሻ ድምፅ አላት። ምክር ቤቱ በዓመት ሦስት ጊዜ ይሰበሰባል፣ ከየካቲት ጀምሮ፣ ከሰኔ ጀምሮ፣ ከመስከረም ጀምሮ። ድምፅ የሚሰጠው በየስብሰባው መጨረሻ ቀናት ነው፣ በቪዲዮም በቀጥታ ይተላለፋል። ሚስጥር አይደለም። ስለ ሱዳን፣ ስለ ፍልስጤም፣ ስለ ዩክሬን፣ ስለ ምያንማር ረቂቅ ሲቀርብ የኛ አምባሳደር አረንጓዴውን ይጫኑ ቀዩን ሰሌዳው ላይ ይታያል። ሱዳን እኮ ጎረቤታችን ናት፤ መተማ ድረስ የሸሹትን ተቀብለናል፤ ስለነሱ በኛ ስም ምን ድምፅ እንደተሰጠ ማወቅ መብታችን ነው። መጋቢት 29 ቀን 2014 ዓ.ም ሩሲያ ከምክር ቤቱ ስትታገድ ጠቅላላ ጉባኤው ላይ 93 ደገፉ፣ 24 ተቃወሙ፣ 58 ተዓቀቡ። ከ24ቱ ተቃዋሚዎች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። ልክ ነበረ አልነበረም ብለን መከራከር እንችል ነበር። ግን ቡና ላይ ካሉት ሰዎች ይሄን የሰማ አንድም አላገኘሁም።

ከእናንተ የምጠይቀው ቀላል ነው። «ጄኔቫ ወሰነች» ብላችሁ አትለፉት። በየስብሰባው መጨረሻ አንዲት ጠባብ ዓምድ ስጡን። ረቂቁ ስለ ምን እንደሆነ በአንድ መስመር፣ ስንት ደገፈ፣ ስንት ተቃወመ፣ ስንት ተዓቀበ፣ ኢትዮጵያ የትኛው ውስጥ እንዳለች። ሳይቀርብ የቀረ ረቂቅም ካለ እሱን ጻፉልን፣ እሱን በተለይ። ከተቻላችሁ ደግሞ ለውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ደውላችሁ ለምን እንዲያ እንደመረጡ ጠይቁና መልሱን አትሙት። መልስ ካልሰጡም አልሰጡም ብላችሁ አትሙት።

ጋዜጣው እኛ ጋ አንድ ቅጂ ብቻ ነው የሚደርሰው አልኋችሁ። ዓምዷ ትውጣ እንጂ ማባዛቱን ለኔ ተዉት። በሱቄ በር ላይ እለጥፋታለሁ፣ ለእታለም አንድ፣ ለዕድራችን አንድ፣ ለሽማግሌውም በትልቁ አስነሥቼ እሰጣቸዋለሁ፣ መነጽራቸው ደክሟል።

አክባሪያችሁ፣
የአንድ ሠፈር ዕድር ጸሐፊ
ጎንደር